የመቅላት ድግስ

ሰኞ ጠዋት ባቱ ከተማ ውስጥ፣ በባለ አርባ ፎቁ ኮንዶሚኒየም፣ በየቤቱ በር ላይ ያለው ሳጥን ጢው ይልና ይከፈታል። ውስጡ የሳምንቱ ቃሪያ ተቀምጧል። ድሮ የፈረንጅ ቃሪያ ይባል ነበር አሉ፤ ፈረንጁ ሳይታወቅ ከስሙ ውስጥ ወጣና ቃሪያው ብቻ ቀረ። ትልቅ ነው፣ ወፍራም ነው፣ አያቃጥልም። አያቃጥልም የሚባለው ምላስን ነው።

ሄራን ብሩክ ቢጫ ናት። ከሳጥኗ ሁልጊዜ ቢጫ ይወጣል። ታጥበዋለች፣ ፍሬውን ታራግፋለች፣ በየጠዋቱ አንድ ቁራጭ በረንዳዋ ላይ ቆማ ትበላለች። ከበረንዳው ሐይቁ ይታያል፤ ማለት ሐይቁ የነበረበት ይታያል። ሐይቁ ራሱ ራቅ ብሎ ሄዷል። ቃሪያው የሚበቅልባቸው የመስታወት ቤቶች ግን በየዓመቱ አንድ አንድ ረድፍ እየቀረቡ መጥተዋል።

ቀለሞቹን የማያውቅ ሰው የለም። ሁሉም በአረንጓዴ ይጀምራል። አረንጓዴ ገና ያልበሰለ ነው፤ አረንጓዴ የሚበላ ሰው ይሮጣል፣ ይጨቃጨቃል፣ በፍቅር ይታመማል። የቀለም ቢሮ ይህን ያውቃል፣ ይታገሳልም። ሠላሳውን ሲያልፍ ሰው ይዞራል። አብዛኛው የሚዞረው ወደ ቢጫ ነው። ቢጫ የሥራ ቀለም ነው፤ ሰው በሰዓቱ ይነሳል፣ የጀመረውን ይጨርሳል፣ አደራ ይሰጠዋል። ነገር የሚያበዛ፣ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው ደግሞ ብርቱካናማ ይደርሰዋል። ብርቱካናማ ድምፅ ይቀንሳል። በመጨረሻ ቀይ አለ። ቀይ ለጨረሱ ሰዎች ነው። ቀይ ሰው አይጨነቅም። ስለዚህ ቀይ ሰው ሊፍት አይጠብቅም፣ ምድጃ አይለኩስም፣ ሕፃን አይያዝም። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ክፉ የሆነ ቀይ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ከአንዱ ቀለም ወደ ቀጣዩ መዞር አለ። መመለስ የለም።

ሄራን የሊፍት ጠባቂ ናት። ሊፍቱ ጠባቂ አያስፈልገውም፤ መንገዱን ያውቃል። እሷ የተቀመጠችው ተሳፋሪው ከሊፍቱ ጋር ብቻውን እንዳይሆን ነው። "ስንተኛ?" ትላለች። ሰውየው ይነግራታል። ሊፍቱ ሰምቶ ይሄዳል። በዚህ ሥራዋ ተሸልማለች።

ጸጉሯ ከሸበተ ቆይቷል። ሄራን፣ ኤልዳና፣ ሶልያና የሚባሉት ሁሉ አሁን አሮጊቶች ናቸው። ወጣቶቹ አንጓች፣ ደምሰው፣ ትርንጎ ነው የሚባሉት፤ የቅድመ አያት ስም ፋሽን ሆኗል። የሄራን አንድያ ልጅም ትርንጎ ናት። አዳማ አግብታ ትኖራለች። ስንት ዓመት ሲለመን የኖረው ልጅ ዘንድሮ ተፀንሶ፣ ይኸው ወሯ ገብቷል።

የምታርሳት እናቷ ናት። ይህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። መውለድ ቤት ውስጥ ከቀረ ቆይቷል፤ ወላድ የምትገባው አራስ ማረፊያ ወደሚባለው ሕንጻ ነው። ልጁን ማሽን ያዋልዳል፣ ማሽን ያጥባል፣ ማሽን ይመዝናል። ወገብ የሚያሽና "አይዞሽ፣ እኔም አንቺን ስወልድ እንዲህ ሆኜ ነው" የሚል ማሽን ግን አልተሠራም። ተሞክሮ ነበር፤ አራሶቹ ሳቁበት። ስለዚህ ከእያንዳንዷ ወላድ ጋር አንድ ሴት ትገባለች። ቢጫ መሆን አለባት። ሄራን የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ የልጇን ስልክ ትጠብቃለች።

እየጠበቀች ሳለ ነው ጋሽ ኢዮስያስ የቀሉት።

ጋሽ ኢዮስያስ የሕንጻው እድር ሊቀመንበር ናቸው። እድሩ ድሮ ሰው ሲሞት ነበር ድንኳን የሚጥለው፤ አሁን ሰው ሲቀላም ይጥላል። ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው፣ ወጡም ያው ወጥ። ልዩነቱ፣ ባለጉዳዩ ራሱ ቁጭ ብሎ ይበላል። የመቅላት ድግስ ይሉታል። ሄራን አልሄድም ማለት አትችልም። ባሏ ሲሞት የሬሳ ሳጥኑን ከፊት የተሸከሙት፣ እሷ እስክትረጋጋ በየማለዳው በሯን እያንኳኩ "አለሽ ወይ?" ይሏት የነበሩት እኒሁ ሰውዬ ናቸው። ቢያንስ ፊቷን ልታሳያቸው ይገባል። ፊቷን ልታሳይ ሄደች።

ድግስ ላይ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ትሪው አንድ ይሁን፣ ቃሪያው ግን በየሰው ፊት እንደየቀለሙ ይቀመጥ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ትሪ ከበው በልተው የሚያውቁ ናቸው፤ ለዚህ ነው ትሪው ይቅር ለማለት ያልደፈሩት። ስለ ጉርሻ ሕጉ ዝም ብሏል።

ጋሽ ኢዮስያስ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው መሐል ተቀምጠዋል። ቀዩን ጠዋት በልተውታል። ፊታቸው ላይ የነበረው፣ ሰው ሁሉ የተፈጥሯቸው ይመስለው የነበረው መጨማደድ የለም።

"እንዴት ነው ታዲያ ጋሼ?" አላቸው ያቤጽ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ። ያቤጽ ብርቱካናማ ስለሆነ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ መድገም ነበረበት፤ ድምፁ አይሰማም።

"ይጣፍጣል" አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። "እስከ ዛሬ ያብሰከሰከኝን ነገር ሁሉ ልቁጠረው ብዬ ጠዋት ቁጭ አልኩ። አንዱም አልጠፋብኝም። ግን ምንም አላለኝም።"

"እሰይ!" አለ ሰዉ።

"ልጅዎ እንኳ?" አለቻቸው የሄራን ጎረቤት ኤልዳና፣ ቀስ ብላ። ልጃቸው ወጥቶ የቀረ ነው።

"ልጄ እንኳ" አሉ፣ እየሳቁ።

ከዚያ አንዷ ወጥ ልጨምር አለች፣ ሌላዋም ጨምሪ አለች፣ ድግሱም ቀጠለ።

ሄራን ከኤልዳና አጠገብ ነበረች። ቢጫ ቁራጮቿ ፊቷ ተደርድረዋል። ጋሽ ኢዮስያስ ትልቅ ጉርሻ ሲጠቀልሉ አየች፤ እንጀራ፣ ከላዩ ሥጋ፣ ከላዩ ከፊታቸው ካለው ቃሪያ አንድ ጠርዝ። ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸው እሷ ላይ አረፈ።

"ሄራንዬ! ነይ እስቲ አፍሽን ክፈቺ።"

"ጋሼ፣ በልቻለሁ።"

"ምኑን በላሽው፣ ስትጫወቺበት አይደል የዋልሽው! በሞቴ!"

"ጋሼ፣ ቀይ እኮ ነው የያዙት።"

እጃቸውን አዩት። ከእንጀራው ጫፍ ቀዩ ወጥቶ ያበራል። አዩት እንጂ ነገሬ አላሉትም። "ቀይም ቢሆን ከእኔ እጅ ነው" አሉ። "አፈር ስሆን!"

እጃቸው አየር ላይ ቆሟል። መረቁ በአንጓቸው እየወረደ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል፤ ከሩቅ ያለው ደግሞ ቀለሙ አይታየውም።

"ጉረሺላቸው እንጂ!" አለ አንዱ ከወዲያ።

"ምነው ሰውዬውን እጃቸውን ሰቅለሽ አቆምሻቸው!"

ሄራን ልጇን አሰበች። እምቢ ብላ ተነስታ ብትሄድ ምን እንደሚሆንም አሰበች፤ ምንም አይሆንም። ሰዉ ያጉረመርማል፣ ጋሽ ኢዮስያስ ይስቃሉ፣ ዛሬ እሳቸውን የሚያስቀይም ነገር የለም። ይህን ሁሉ በደንብ አሰበችው። እያሰበችው ሳለ ግን አንገቷ ወደ ፊት ሄዶ፣ ግራ እጇ ከአገጯ ሥር ተዘርግቶ፣ አፏ ተከፍቶ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚከፈተው።

ቀዩ ከቢጫው ይጣፍጣል።

"እልልል!" አለ ድንኳኑ።

ኤልዳና ክንዷን ይዛ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደቻት። ሄራን ጣቷን እስከ ጉሮሮዋ ሰደደች። እንጀራው ወጣ፣ ሥጋው ወጣ። ቀዩ አልወጣም፤ ቀዩ ሆድ እስኪደርስ አይጠብቅም።

"እምቢ ብትዪ ምን ነበረበት?" አለቻት ኤልዳና፣ ነጠላዋን ከአንገቷ እየሰበሰበችላት።

"አንቺ ብትሆኚ እምቢ ትዪ ነበር?"

ኤልዳና አሰበች። "እኔ ብሆን ድገሙኝ እል ነበር" አለች። ሁለቱም ሳቁ። ሄራን ግን ሳቁ መቆም ከነበረበት ትንሽ አልፎ ሲሄድባት ተሰማትና ደነገጠች።

ሰኞ ሳጥኑ ጢው አለ። ቃሪያው ቀይ ነበር። "እንኳን ደስ አለዎት" አለ ሳጥኑ፤ ከዚያ በፊት ተናግሮ አያውቅም።

በዚያው ጠዋት ቀለም ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ሃሴት ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ትሑት ሴት ናት፤ ብትቆጣት ለሄራን ይሻላት ነበር።

"በስህተት ነው የበላሁት" አለች ሄራን።

"ይገባኛል እናቴ።"

"ሰው አጉርሶኝ ነው።"

"ይገባኛል። በቀደም ዕለት አንዷን ሙሽራ አያቷ ሠርጓ ላይ አጉርሰዋት ቀልታለች። ባልየው አሁንም ድረስ አረንጓዴ ነው፤ እየመጣ እዚህ መስኮት ላይ ያለቅሳል። ምን እናድርግ? ሰው ጉርሻ ተው ቢባል አይሰማ።"

"ታዲያ መልሱኛ።"

"ወዴት?"

"ወደ ቢጫዬ ነዋ!"

ሃሴት ከአጠገቧ ካለው ቅርጫት አንድ ቀይ ቃሪያ አንስታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። "ይቺን ወደ ቢጫ መመለስ የሚችል ሰው ካለ ይምጣ፣ እኔም እማራለሁ።"

"እኔ ቃሪያ አይደለሁም።"

"አይደሉም" አለች ሃሴት። በዚህ ላይ አልተከራከረቻትም።

"ልጄ ልትወልድ ነው።"

የሃሴት እጅ ቆመ። "የመጀመሪያዋ ነው?"

"የመጀመሪያዋ።"

"እኔ የመጀመሪያዬን ስወልድ እናቴ ባትኖር…" አለችና ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አቤቱታ ልሞክርልዎት። ቀይ ሰው ግን አቤት ብሎ ስለማያውቅ ሲስተሙ ቦታ የለውም።" ጻፈች። ጠበቁ። የመጣውን መልስ ሃሴት አላነበበችላትም፤ ሳጥኑ ካለው የተለየ እንዳልሆነ ግን ከፊቷ ገባት።

"ባልበላውስ?" አለች ሄራን።

"ማንም አያስገድድዎትም፣ በፍጹም። ይንቀጠቀጣሉ፣ ያልፋል። በር ነው ችግሩ።"

"የምን በር?"

"የማንኛውም። ያልበላ ሰው ቀለም አይታይበትም። ቀለም ያልታየበትን ሰው በር አያውቀውም።"

ሄራን አልበላችም። የራሷ ቤት በር ሲዘጋባት ኤልዳና ጋ ተኛች። ኤልዳና ከራሷ ቢጫ ቆርጣ ሰጠቻት፤ ሆዷ አልተቀበለውም፣ መለሰው። እንደገና ቆርጣ ሰጠቻት፤ መለሰው። ሊፍቱ ውስጥ እሷ በነበረችበት ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ "ስንተኛ?" ትላለች። መንቀጥቀጡ ከእጇ ጀምሮ ወደ አገጯ ወጣ። ጭንቀቷ ግን ከእሷው ጋር ነበር፤ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ነው። ትርንጎን ታስባለች፣ ይጨንቃታል፣ ከዚያ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች።

ለልጇ በስልክ ነገረቻት።

"ለምን ጎረስሽ እማዬ?" አለች ትርንጎ።

"ጋሽ ኢዮስያስ ናቸው እኮ።"

"ቢሆኑስ?"

"በሞቴ አሉኝ። ሰዉ ሁሉ እያየ።"

ትርንጎ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል። "እኔም እጎርስ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ታዲያ ማን ይግባልኝ?"

"አማትሽ ትግባ። ሶልያና ጥሩ ሴት ናት።"

"ጥሩ ናት። አንቺን ግን አይደለችም።"

ምጡ የመጣው ጠዋት ነው። ሄራንና ኤልዳና አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ በሩ በሄራን ላይ እንዳይዘጋ ኤልዳና በትከሻዋ ያዘችው፣ በሩም ትከሻዋን እየገፋ እስከ አዳማ ስሞታውን አላቆመም። አራስ ማረፊያው በር ላይ ግን ትከሻ አይሠራም። በሩ ወፍራም መስታወት ነው። ለኤልዳና ተከፈተ፣ እሷ ግን የወላዷ ዘመድ ስላልሆነች መልሶ አስወጣት። ለሄራን ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም። ሰው የቆመ አልመሰለውም።

ዘበኛው ከወንበሩ ተነሳ። ጠና ያለ ሰው ነው። "የማን እናት ነዎት?"

"የትርንጎ።"

"እሷማ እያማጠች ነው። በተኛችበት ክፍል በኩል አንድ መስኮት አለ፤ ቀይ አያቶች እዚያ ቆመው ማየት ይፈቀድላቸዋል። ማናገርም ይቻላል። ቀይዎን በልተዋል?"

"አልበላሁም።"

"እሱ ነው ታዲያ" አለ ዘበኛው፣ በጣም አዝኖ። "ይብሉና ይግቡ። ይኸው፣ እኛም እዚሁ እናስቀምጣለን።" በሳህን ላይ የተቆረጠ ቀይ ቃሪያ አቀረበላት። ንጹሕ ነው፣ በሚያምር አቆራረጥ።

"ከበላሁ በኋላ ማየት ምን ያደርግልኛል?" አለች ሄራን። አገጯ እየተንቀጠቀጠ ቃላቱ ይሰባበራሉ።

ዘበኛው ሳህኑን ዝቅ አደረገ። ብዙዎች ጠይቀውታል።

"አትብዪ" አለች ኤልዳና። "እዚሁ ቁጭ እንበል። ጭንቀትሽን ይዘሽ ቁጭ በይ። ያም ለእሷ ነው።"

"እሷ ግን አታየኝም።"

"አታይሽም።"

በመስታወቱ ውስጥ፣ በሩቁ፣ የሶልያና ጀርባ ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያል። ከውስጥ አንድ ጩኸት መጣ። ሄራን ጩኸቱን አወቀችው። ትርንጎ ትንሽ ሆና ጣቷን በር ቀጥቅጧት የጮኸችው ጩኸት ነው፤ መጨረሻው ላይ "እማዬ" ይላል። ያኔ ሮጣ ነበር የደረሰችላት።

ሄራን ለራሷ ብላ ቢሆን አትበላውም ነበር። ይህን ለኤልዳና ነገረቻት፣ አንድ ሰው እንዲያውቅላት። "ፊቴን ትየው" አለች። "እኔ ባላውቀው እሷ ታውቀዋለች።" ቁራጩን አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። ኤልዳና ዞር አለች።

በሩ ተከፈተ።

እስከ መስኮቱ ያለው ኮሪደር ረጅም ነው። ሄራን የመጀመሪያውን ግማሽ ሮጠች። ከዚያ በፍጥነት ተራመደች። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ተራመደች። መንቀጥቀጧ ለቀቃት፣ አገጯም ቦታው ገባ። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀሉ የሐይቅ ሥዕሎች ነበሩ፤ አንዱ ጋ ቆም ብላ አየችው።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ ልጁ ተወልዷል። ሶልያና ጠቅልላ ይዛዋለች። ትርንጎ አልጋው ላይ ናት፤ ላቧ ግንባሯ ላይ፣ ጸጉሯ ትራሱ ላይ ተበትኗል። እናቷን ስታይ ፊቷ ልክ እንደ ሕፃን ተሸበሸበ።

"እማዬ! መጣሽ!" አለች በድምፅ ማስተላለፊያው። "እማዬ፣ ሞቼ ነበር እኮ። አይዞሽ በዪኝ።"

ሄራን ልጇን አየቻት። ማን እንደሆነች ታውቃለች። ለምን እንደምታለቅስ ታውቃለች። ምን ማለት እንዳለባትም ታውቃለች።

"አይዞሽ" አለች። "እኔም አንቺን ስወልድ እንዲህ ሆኜ ነው።" ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ያምራል።

ትርንጎ ትክ ብላ አየቻት። መጀመሪያ ዓይኗን፣ ቀጥሎ አፏን፣ እንደገና ዓይኗን። የሆነ ነገር ፈለገች፤ ለማግኘትም ጊዜ ሰጠችው። ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው መሸብሸብ ቀስ እያለ ተስተካከለ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች፣ ቦታ ለለቀቀላት ሰው እንደሚባለው። ዞር ብላም እጆቿን ወደ ሶልያና ዘረጋች።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሌሎች ቀይ አያቶች በረድፍ ተቀምጠውበታል። ሄራን ስትመጣ ጠጋ ጠጋ አሉላት፤ እሷም ተቀመጠች። ፀሐይዋ በጎን በኩል ገብታ ጉልበታቸውን ታሞቃለች።

"ማን ወለደች?" አለቻት አጠገቧ ያለችው።

"ልጄ።"

"እንኳን ማርያም ማረቻት። ወንድ ነው ሴት?"

"አልጠየቅኩም" አለች ሄራን።